የእንግሊዝኛ ፈሊጥ እና የቅኔ ቤት ጆሮ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእነዚህ ዓመታት ተማሪዎቼን ከሰዋስው ሕግ ይልቅ የሚያስቸግራቸው፣ በመልክ ተመሳስለው በትርጉም የሚራራቁ ፈሊጣዊ አነጋገሮችን መለየት እንደ ሆነ አይቻለሁ። የችግሩ ምንጭ ስንፍና አይመስለኝም፤ እንዲያውም ከምንኮራበት ከቅኔ ትምህርት የወረስነው የማዳመጥ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ስማቸው በሚነሣበት በጎጃም ያደገ ሰው፣ እሱ ራሱ ቅኔ ባይቆጥርም እንኳ፣ ስለ ሰምና ወርቅ ሳይሰማ አያድግም። ቅኔ የሚያዳምጥ ሰው የሚጠብቀው ኅብረ ቃሉን ነው፤ አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ተሸክሞ ስለሚመጣ፣ እሱን የያዘ ምሥጢሩን ያዘ። የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ሲገጥመንም ይህንኑ እናደርጋለን፦ ጎላ ብሎ የሚሰማውን ስም እንይዝና ከእሱ ወርቅ ለማውጣት እንቆፍራለን። ይሁን እንጂ ሁለት የሚመሳሰሉ ፈሊጦች የሚገናኙት በዚያው በጎላው ቃል ላይ ስለ ሆነ፣ የምንቆፍረው መንታ መንገዱ ላይ ቆመን ነው። የሚለያቸው ግሱ ወይም መስተዋድዱ፣ አንዳንድ ጊዜም «ዘ» የምትባለው ኢምንት ቃል ናት።

የዚህችን የ«ዘ»ን ነገር የተማርሁት በራሴ ላይ በደረሰው ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ከውጭ አገር የመጡ አንድ መምህር በክረምቱ ልጆችን ንባብ በማስተማር የሚያግዛቸው ሰው ይፈልጉ ነበርና፣ መምጣት እችል እንደ ሆነ ጠየቁኝ። መምጣቴ አያጠራጥርም ለማለት ፈልጌ፣ መምጣቴ «አውት ኦፍ ዘ ክዌስችን» ነው ብዬ ጻፍሁላቸው። በአእምሮዬ የነበረው «ጥያቄ የለውም» የሚለው የእኛው አነጋገር ነበር። የእንግሊዝኛው ፈሊጥ ግን «ፈጽሞ የማይታሰብ ነው» ማለት ነውና፣ እሳቸውም በትሕትና አመስግነውኝ ሌላ ተማሪ ወሰዱ። ማለት የነበረብኝ «ዊዝአውት ክዌስችን» ወይም «ቢዮንድ ክዌስችን» ነበር፤ በሁለቱም ውስጥ «ዘ» የለችም። በዚያ ክረምት ስላጣሁት ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ተማሪዎቼ በደብተራቸው ፈሊጥ ሲጽፉ ትንሿን ቃል እንዲያሰምሩባት የማስገድዳቸውም ስለዚህ ነው።

«ሳክ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ትርጉሙ ጆንያ ወይም ከረጢት ነው። «ሂት ዘ ሳክ» ያለ ሰው ሊተኛ መሄዱ ነው፤ «ጌት ዘ ሳክ» የተባለለት ሰው ግን ከሥራው ተባሯል። በመጀመሪያው ውስጥ ጆንያው የመኝታ ምትክ ሆኖ ይቆማል። ለሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ድሮ ሠራተኛ የሥራ መሣሪያውን በከረጢት ይዞ ይመጣ ስለ ነበር፣ አሠሪው ከረጢቱን መልሶ ሲያስረክበው ተሰናበትህ ማለቱ ነበር የሚል ነው። ማብራሪያው ለማስታወስ ይረዳል፤ ነገር ግን ጆንያውን ብቻ አፍጥጦ የሚመለከት ተማሪ ከሁለቱ ወደ አንዱም አይደርስም።

ይህ የእንግሊዝኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። አማርኛ የሚማር የባዕድ አገር ሰው «እጅ ነሣ» እና «ፊት ነሣ» የሚሉትን ሲሰማ ምን ያህል ግራ እንደሚጋባ አስቡት፤ ግሱ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ማክበር ነው፣ ሌላው ማራቅ። «ፊት ሰጠ» የ«ፊት ነሣ» ተቃራኒ መሆኑን ተረድቶ በዚሁ ሚዛን «እጅ ሰጠ» የሚለውን ቢተረጉመው ደግሞ፣ መማረክን ከንቀት ጋር ያምታታዋል። እኛ አንስትም፤ ምክንያቱም እነዚህን ቃላት ተቆራርሰው ሳይሆን ከነሙሉ አካላቸው፣ ከነተናጋሪያቸው ነው የሰማናቸው።

ፊትን ካነሣሁ አይቀር፣ በእኛ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚፈጠር አንድ መምታታት አለ። «ጊቭ ዘ ኮልድ ሾልደር» ማለት ልክ የእኛው «ፊት ነሣ» ነው። «ጌት ኮልድ ፊት» ደግሞ አንድን ነገር ለማድረግ ከተዘጋጁ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት ወኔ ሲከዳ የሚነገር ነው። እንግሊዝኛው «ፊት» እግሮች ማለት ሆኖ ሳለ የአማርኛ ጆሮ ግን ገጽን ይሰማል፤ ስለዚህ ተማሪዎቼ ሠርጉ ሲቃረብ የፈራውን ሙሽራ ሙሽሪትን ፊት የነሣ አድርገው ይተረጉሙታል። ከትርጉሙ አጠገብ «እግር» ብለው እንዲጽፉ ካደረግሁ ወዲህ ስሕተቱ ቀንሷል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አማርኛችን ራሱ መፍቻውን ይዞ ይገኛል። «ኪፕ አን አይ ኦን» መጠበቅ ነው፤ መናኸሪያ ውስጥ ዕቃችንን ለጎረቤታችን አደራ ስንሰጥ የምንለው። «ሃቭ ዋንስ አይ ኦን» ግን «ዓይኑን ጣለበት» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ዕቃውን አደራ የሰጠህን መንገደኛ በሁለተኛው ብትመልስለት፣ ሻንጣህን ተመኝቻለሁ ማለትህ ይሆናል። «ኦን ታይም» እና «ኢን ታይም» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ የመጀመሪያው «በሰዓቱ» ነው፣ ሁለተኛው ያለ ወቅቱ የሚመጣው ዝናብ ሳይደርስበት ጤፉን እንደ ሰበሰበ ገበሬ «በጊዜ» ነው።

«ኦን ዘ ዌይ» እና «ኢን ዘ ዌይ» ግን አማርኛችን የማይረዳን ቦታ ነው፤ ለሁለቱም «መንገድ ላይ» ማለት እንችላለንና። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚጠብቅ የደብረ ማርቆስ ነጋዴ መኪናው «ኦን ዘ ዌይ» ነው ሲባል ደስ ይለዋል፤ እየመጣለት ነው። «ኢን ዘ ዌይ» ነው ከተባለ ግን፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያሻግረው የአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ ተበላሽቶ ከኋላው የተሰለፈውን ሁሉ አግዶ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ቀልቤን የሚስበው የልብ ነገር ነው። እኛ «በቃል መያዝ» የምንለውን እንግሊዞች «ለርን ባይ ኸርት» ይሉታል፤ ፈረንሳዮችም እንደ እነሱ «በልብ» ይላሉ። «ቴክ ቱ ኸርት» ግን አንድን ነገር፣ በተለይም ወቀሳን፣ ወደ ልብ ማስገባትና በእሱ መነካት ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ በፈተና ዝቅተኛ ውጤት አምጥታ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ፣ ላጽናናት ብዬ «ዶንት ቴክ ኢት ቱ ኸርት» አልኋት። እሷ ግን «በቃልሽ አታጥኚው» ያልኋት መስሏት፣ የሰጠኋትን የእርማት ወረቀት ሳታይ አስቀመጠችው። ሳምንት ቆይታ ስትነግረኝ እጅግ አዘንሁ፤ የተናገርሁት ለማጽናናት ነበርና።

አያቴ ዳዊቱን ሳይደናቀፍ ለሚያነበንብ ልጅ «በቃልህስ ይዘኸዋል፤ ልብህ ገብቷል ወይ?» ይሉት እንደ ነበር ነገርኋት። ወረቀቱን አውጥታ ሁለቱን ፈሊጦች ጻፈችና፣ ከ«ባይ» በላይ «ቃል»፣ ከ«ቱ» በላይ «ልብ» ብላ አሰመረችባቸው።