ጦሳ ላይ የሰማን አምላክ

ጌታ ይመስገን! ጦሳ ተራራ ላይ ያደረገልንን ሳልናገር ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል።

ደሴ ውስጥ ካሉ ቤተ ክርስቲያናት የተሰባሰብን ወንድሞችና እህቶች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን በእግር እንጓዛለን። እየሄድን እንዘምራለን፣ እንጸልያለን። ያን ቀን ጦሳ ወጣን። ወሩ መስከረም ነው፤ ገብሱ አረንጓዴ፣ አደይ አበባው ቢጫ። ደሴ ከነቆርቆሮዋ ከታች ቁልጭ ብላ ትታያለች። አናቱ ላይ ዳቦ ቆርሰን በላን፤ ለከተማችን ሰላም ጸለይን።

ጉሙ የመጣው ልንመለስ ስንነሳ ነው። ለደሴ ሰው ጉም ብርቅ አይደለም። ከኮምቦልቻና ከቆላው በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፤ ጦሳ ከዚያም በላይ ነው። የዚያን ዕለቱ ግን ሌላ ነበር። ከፊቴ የምትሄደውን እህት ጃኬት እንኳ ማየት አቃተኝ።

ጦሳን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ የቀለጠ ድንጋይ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ረግቶ የቀረ። ዝናብና ወንዝ ሲሸረሽሩት እንደ ደረጃ እየተቆረጠ ይቀራል። ስለዚህ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እየሄድክ ሳለ ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል።

መንገዱ ጠፋን። ስልክ አይሠራም። አብረውን የመጡ አንዲት እናት በብርድ ይንቀጠቀጡ ጀመር። እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆምንና ጸሎት ጀመርን። መጀመሪያ በዝግታ ነበር። በኋላ ግን ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ እያለቀስን ጮኽን። «ጌታ ሆይ፣ መንገድ አሳየን!» ከዚህ ሌላ ቃል አልነበረንም።

ገና «አሜን» ሳንል ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ቁሙ! እንዳትነቃነቁ!»

ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ አባት ናቸው። የዚያው የተራራው ገበሬ። «አብሽሩ ልጆቼ፣ አብሽሩ» አሉን። ከዚያ ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱና እኛ ወደምንሄድበት አቅጣጫ ወረወሩት። ጆሯችንን ጣል አደረግን። ድንጋዩ ሲያርፍ የተሰማን ቆይቶ፣ ከሩቅ፣ ከታች ነው። ያቺ እናት መሬት ላይ ቁጭ ብለው «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ አለቀሱ።

አባት የአስር ሰላት፣ ማለትም የከሰዓት በኋላውን የሙስሊሞች ጸሎት፣ እየሰገዱ ነው ድምፃችንን የሰሙት። ጨርሰው ወደ ድምፁ ሮጡ። ቤታቸው ወሰዱን፤ ባለቤታቸው እሳት አነደዱልን፣ ቡና አፈሉልን። ብር ብናወጣ ተቆጡ። ጉሙ ሳሳ ሲል ደሴ የሚያስገባው መንገድ ድረስ ከፊት ከፊት እየሄዱ ሸኙን።

አጋጣሚ ነው ያሉኝ አሉ። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ በልባችን ብቻ ብንጸልይ ኖሮ እኚያ አባት አይሰሙንም ነበር። ያን ያህል ያስጮኸን እግዚአብሔር ነው። ጩኸታችንን ወደ እኚህ ሰው ጆሮ ያደረሰው እሱ ነው። ሙስሊም መሆናቸውን ደብቆ መመስከር ደግሞ ምስክርነቱን ማጉደል ነው።

በሌላ ቅዳሜ ቡናና ስኳር ይዘን ሄድን። ደስ አላቸው። ስንነሳ ወንድ ልጃቸው አረብ አገር እንዳለና ድምፁ ከጠፋ እንደቆየ ነገሩን። «እናንተም ዱዓ አድርጉልኝ» አሉን። እዚያው ደጃፋቸው ላይ ቆመን ጸለይን፤ እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው አሜን አሉ።

ልጁ እስካሁን አልደወለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሙን እየጠራን እንጸልያለን። እናንተም ይህን ያነበባችሁ አብራችሁን ጸልዩ። ስሙን ባልጽፈውም እግዚአብሔር ያውቀዋል።