ከአንኮበር በሃይላንድ የመጣ ጠጅ

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ አንድ ጠርሙስ ወይን በጨረታ 558 ሺህ ዶላር አወጣ። በጊዜው ምንዛሪ ከ15 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ነው። ያን ሰሞን አዲስ አበባ፣ የውጭ ወይን በሚሸጥ መደብር ነበር የምሠራው። ወሬው ከደረሰን ጀምሮ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ስለዚያ ጠርሙስ ስተርክ ሰነበትኩ። ገንዘብ ያዣችን የአንኮበር ልጅ ናት። አንድ ቀን ብር እየቆጠረች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «የእማዬን ጠጅ ስላልቀመስክ ነው» አለችኝ። ኅዳር ገብቶ አዲስ ማር ሲቆረጥ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ።

በማለዳ ከላምበረት የተነሳው መኪና ሸኖ ሲቆም ቅቤ ሻጮቹ መስኮቱን ወረሩት። ጫጫን አልፈን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ብርዱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለት የቢራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ የሻይ ብርጭቆ ታቅፌ እጄን አሞቅሁ። ከዚያ ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ገብስ። በመጨረሻ መሬቱ ድንገት ያልቅና የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ ቁልቁል ይታያል።

ቤቱ ከጎረቤላ ወጣ ብሎ ነው። እናትየው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ወይን ነጋዴው አንተ ነህ?»

«ተቀጣሪ ነኝ፣ እማማ።»

«እሱ ይሻላል» ብለው አስገቡኝ።

ጓዳው ጨለም ያለ ነው፤ የወይራ ጭስ ይሸታል። ሁለት ጋን አለ። አንደኛው ለኅዳር ሚካኤል ዝክር የደረሰ ነው፤ ሁለተኛው ከአዲሱ ማር ገና ሊጣል በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። (ጠላ ይጠመቃል፣ አረቄ ይወጣል፣ ጠጅ ይጣላል። እኛ መደብር ግን የፈረንጁን ሁሉ በጅምላ «ምርት» ብለን ነው የምንገላገለው።) አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ በጠበጡ፤ ማሩ በደንብ ያልተነጠረ ስለሆነ ሰምና ገለፈቱ ወደ ላይ ወጣ። እሱ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይገፈፋል፤ ከዚያ ጌሾው ይገባል። ቅጠሉም እንጨቱም ከጓሮ የተቆረጠ ነው። ብርቱካናማ እስኪመስል የጠቆረውን የማር ቀለም እያየሁ መቼ እንደሚደርስ ጠየቅኳቸው። «ቆላ ቢሆን ይቸኩላል። እዚህ ብርዱ ነው የሚያዘው» አሉኝ።

ከደረሰው ጋን በብርሌ ቀዱልኝ። መጀመሪያ ማሩ መጣ፤ ወዲያው የጌሾው ምሬት የምላሴን ዳር ያዘው፤ ከዋጥኩት በኋላ ደግሞ ጭሱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ለደንበኛ የምደረድራቸው ቃላት አንዳቸውም አልመጡልኝም። ወይራ የታጠነ ወይን ሸጬ አላውቅም።

«ያ የእናንተው ጠርሙስስ፣ ምን ቢኖርበት ነው ያን ያህል ያወጣው?»

ነገርኳቸው። ሮማኔ ኮንቲ ይባላል፤ ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ። ማሳው 1.8 ሄክታር ብቻ ነው።

«በጥማድ ንገረኝ።»

«ሰባት ጥማድ ቢሆን ነው። የሁለት ቤተሰብ ነው።»

«ሰባት ጥማድ!» ብለው ሳቁ። እንደ ጎረቤት መሬት ከሚያውቁት ጋር ሲያነጻጽሩት አየሁ። የተሸጠው ወይን የ1945 እ.ኤ.አ. እንደሆነ፣ ያን ዓመት 600 ጠርሙስ ብቻ እንደተገኘ፣ ከዚያ በኋላ ግንዱ በሙሉ እንደተነቀለ አወራኋቸው። ከአሜሪካ የመጣ ሥር የሚበላ ተባይ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይን ወይን ፈጅቶት ነበር። ሌላው ገበሬ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ሥር ላይ እያዳቀለ ሲተክል፣ የዚህ ማሳ ባለቤቶች የጥንቱን ግንድ በመድኃኒት እየደገፉ እስከዚያ ዓመት አቆዩት። በ1947 አዲስ ተከሉ፤ ቀጣዩ ወይን የወጣው በ1952 ነው።

ሰዎቹ ያሳዘኗቸው እዚህ ላይ ነው። «ይኼን ሁሉ ዓመት ምን በሉ?»

ሌላም ማሳ እንዳላቸው ስነግራቸው ተነፈሱ። ወደ ጓሮው በአገጫቸው እያሳዩ «ያን ጌሾ የተከለችው አማቴ ናት። ቢደርቅ እኔም ከገበያ ገዛሁ ማለት ነው» አሉ።

ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ላይ ከ1385 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወይን የያዘ አንቲኖሪ የሚባል ቤት እንዳለ፣ ዛሬ ሃያ ስድስተኛው ትውልድ ላይ መድረሱንና አለቃዋ ሴት ልጅ መሆኗን ጨመርኩላቸው። «ሃያ ስድስት ትውልድ ምን ሲጠብቁ ነበር?» አሉኝ። እሳቸው ቤት ወንድ ጋን ነክቶ አያውቅም። ልጃቸው ትጥል እንደሆነ ስጠይቅ ግን መልሱ ዘገየ። «ከተማ በስኳር ሲጥሉት አይታ መጥታ ነገረችኝ። እሷ ግን አልነካችም።»

ስለ ስኳሩ ያሉት እውነት ነው። ማር ሲወደድ ስኳርና ቀለም ጋኑን ወረሰው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ስኳር የተጣለ ጠጅ መፈለግ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። የሮማኔ ኮንቲ ገዢ ቢያንስ አድራሻውን ያውቃል።

በማግስቱ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ወጣሁ። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ ይህ አንኮበር ነበር፤ በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ የመጣው ወደ እሳቸው ነው። ጠጅ የጌታ፣ ጠላ የባላገር በነበረበት ዘመን እዚህ ላይ ስንት ጋን ተደርድሮ እንደነበር እያሰብኩ ወጣሁ፤ አናቱ ላይ የጠበቀኝ በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራ ሎጅ ነው። ማኪያቶ ጠጥቼ ወረድኩ።

ስሰናበት ዋጋ ጠየቅሁ። ስህተት ነበር። «ጠጅ ቤት መሰለህ እንዴ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ትንሽ ቆይተው ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሞልተው አመጡ፤ «ክዳኑን አታጥብቀው» አሉኝ።

እኔ ደግሞ የጠርሙስ ሰው ነኝ። እንዳይፈስ ብዬ ደብረ ብርሃን ላይ ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁት። ሸኖ ልንደርስ ስንል ጉልበቴ ላይ ፈነዳ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸው ከትከሻ እስከ ጉልበት ራሰ። ይቅርታ ስደረድር እሳቸው የጋቢውን ጫፍ አንስተው አሸተቱት።

«የማር ነው» አሉ። ቀጥለውም፦ «ተርፏል?»

በክዳኑ እየቀዳን ሰንዳፋ ስንደርስ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ባዶውን ሃይላንድ ገንዘብ ያዣችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አንስታ አሸተተችውና «አጥብቀህ ዘግተኸው ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።