ሳያመኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ

ዛሬ ከሥራ አስፈቅጄ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ የምታወጣው ልጅ "ምንሽን ነው ያመመሽ?" አለችኝ። ምንም አላመመኝም፣ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ፈልጌ ነው አልኳት። ከኋላዬ የተሰለፉት እናት አማተቡ። "ኧረ ስሙን አትጥሪው ልጄ!" አሉኝ።

ምርመራው ራሱ የደቂቃዎች ነገር ነው። ነርሷ ቀጠን ያለ አሴቲክ አሲድ፣ ያው ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠውን ማለት ነው፣ በጥጥ ማህፀን በር ላይ ቀብታ ትንሽ ትጠብቃለች። ችግር ያለበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። እንዲያ ከታየ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ያክሙታል። ያማል? አያምም። ይደብራል? አዎ፣ ማን ይወደዋል። ጥርስ ከመነቀል ግን በስንት ጣዕሙ። እኔ "ነጻ ነሽ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመለሽ" ተብዬ ወጣሁ።

የሚያናድደኝ ይሄ በሽታ የሚሰጠን ጊዜ ነው። መነሻው ኤችፒቪ የሚባል በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አብዛኞቻችን አንድ ቀን ያገኘናል፤ ሰውነታችንም ሳናውቀው ያስወግደዋል። የአንዳንዷ ግን አልለቅም ይላል። እዚያ ተቀምጦ ካንሰር እስኪያመጣ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለና መድኃኒት ያልጀመሩ ሴቶች ላይ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ኤችአይቪ ያለባቸው ሴቶች ሁሉ ቶሎ ቶሎ መታየት አለባቸው። ለሌሎቻችን ምርመራው የሚመከረው ከ30 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ግን ምንም አያምም። እኛ ደግሞ ካላመመን ሐኪም ቤት ምን ያስኬደናል? የሚሄደው ነፍሰ ጡር ወይ ቪዛ የሚጠብቅ ሰው ነው።

አክስቴም እንደዚያው ነበረች። የወር አበባዋ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም ስታይ "እግዜር መልሶ ልጃገረድ ሊያደርገኝ ነው" ብላ ቀለደች። ወገቧን ሲያማት ጠበል ሄደች። ወደ ሐኪም የወሰዷት ደሙ አልቆም ሲል ነው። ያው ይሄው ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሐኪሙን የለመነው አንድ ነገር፣ ለእሷ እንዳይነግራት ነበር። እሷ የራሷን በሽታ ከሁሉ በኋላ ትሰማለች ማለት ነው። ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ኬሞና ጨረር እንዴት ይችላል?

ለነገሩ ማንንም አልጠበቀችም። "በሩ ላይ 'የካንሰር ሕክምና' ብለው ጽፈው እኔን ወባ ነው ትሉኛላችሁ? መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ እኮ!" አለቻቸው። ሁሉም ዝም። ከዚያ በኋላ ነው ቤቱ ውስጥ እውነት መነጋገር የተጀመረው።

አሁን ሕክምናዋን ጨርሳ በክትትል ላይ ናት። ድካሙ ገና አልለቀቃትም፣ ሆዷም ያስቸግራታል። የነፍስ አባቷ እስክትጠነክር አትጹሚ ብለዋታል፤ እሷ ግን በየጾሙ ትከራከራቸዋለች። ከሁሉ የሚያስመርራት ጠያቂው ነው። ገና በር ላይ እንባ የሚቀድመው አለ። ጥቁር አዝሙድ በማር ይዞ መጥቶ መድኃኒትሽን ተዪው የሚል አለ። ልጇን ከእሷ ሳህን እንዳትበላ በዓይኗ የምትቆጣ ጎረቤትም አለች። ካንሰር በእንጀራ አይተላለፍም። ይሄ መነገር ነበረበት?

የወንድሜ ልጅ ትምህርት ቤት የኤችፒቪ ክትባት ሊሰጥ ነው። እናቷ "መካን ያደርጋል አሉ" ብላ አመንትታለች። አያደርግም። አገራችን ውስጥ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ከ10 የማህፀን በር ካንሰር 7 ያህሉን የሚያመጡትን 16 እና 18 የሚባሉ የቫይረሱን ዓይነቶች ይከላከላል። መካን ሊያደርግ የሚችለውስ ካንሰሩ ነው፤ ማህፀን እስከማስወጣት ሊያደርስ ይችላል። ሁሉንም ዓይነት ስለማይከላከል ግን የተከተበችም ልጅ አድጋ ምርመራው አይቀርላትም።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ሚስት ነገርኳት። አልሰማችኝም፤ እኔ ምኑን አውቄው! አክስቴን የእድራችን ሴቶች ፊት ተናገሪ ብላት "ሰባኪ አይደለሁም፣ ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸውና አወራለሁ" አለች። እሁድ ጠርቻቸዋለሁ። የወንድሜ ሚስትም እመጣለሁ ብላለች፤ ልትከራከር እንደሆነ ይገባኛል። አክስቴ ደግሞ ክርክር ትወዳለች።