«ሆቢት»ን ለልጆቼ በአማርኛ ሳነብ

ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ስድስት። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። «ውሃ አምጪልኝ» ስላት «ኦኬ» ብላ ታመጣለች። ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ ልጅቷ ከቤተ መጻሕፍት የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን የልጆች ልብ ወለድ «ሆቢት»ን ይዛ መጣችና «አንብብልኝ» አለች። እኔም እልህ ነገር ይዞኝ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ እያየሁ በአማርኛ ልነግራቸው ወሰንኩ። 19 ምዕራፍ ነው፤ ጨርሰን የዘጋነው የካቲት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ማታ ላይ ነው የተበላሸው። የመጽሐፉ ዋና ባለታሪክ ቢልቦ ባጊንስ ሻይ ሊጠጣ ቁጭ ባለበት 13 ያልተጠሩ እንግዶች ይግተለተሉበትና ጓዳውን ሙልጭ ያደርጉታል። ይሄ እኛ ቤት የማይታወቅ ታሪክ አይደለም። ስለዚህ ኬኩን ድፎ ዳቦ፣ ሻዩን ቡና፣ የአሳማ ሥጋ ያለበትን ፓይ ደግሞ ዶሮ ወጥ አደረግኩት። ትንሹ «አባዬ፣ ቢልቦ ሐበሻ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ፣ ቶሎ እንዲተኛልኝ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ይሄው ልጅ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ። ቢልቦ ዶሮ ወጥ ያበላል፣ ታዲያ እኛ ለምንድን ነው የምንጾመው?

ድፎውንም ዶሮውንም መለስኩ። የቢልቦ ሰፈር፣ ቶልኪን በልጅነቱ የኖረባትን፣ ያኔ በርሚንግሃም አጠገብ የነበረችውን ሳሬሆልን ያየ ሰው የጻፈው ሰፈር ነው። ሻይ የሚጠጣበት፣ ፒፓ የሚያጨስበት አገር አለው። ከዚያ በኋላ ያመጣሁት አማርኛውን ብቻ ነው።

እንግዶቹን ደግሞ መጀመሪያ «ድንኮች» ብዬ ነበር። ሁለት ማታ ቆይቶ ጆሮዬን ቆረቆረኝ፤ ቃሉ አጭር ሰው የሚሰደብበት ነው። «ድዋርፍ» ብዬው ቀረሁ። ጭራቅና ዘንዶ ግን ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። እነዚያ ሰው እንዴት ይጠበስ እያሉ የሚጣሉት ሦስቱ ፍጡሮች ከጭራቅ ሌላ ምን ይባላሉ? 13ቱን ስም ለመያዝ 13 ሽምብራ ብርድ ልብሱ ላይ ደረደርን። ለወፍራሙ ለቦምቡር ባቄላ ሰጠነው።

ትልቁ ችግር ግን ቃል አልነበረም፤ ግሥ ነበር። እንግሊዝኛው ግሡን ቀድሞ ይወረውረውና ዝርዝሩን ያስከትላል፤ አማርኛው እስከ መጨረሻ ያስጠብቅሃል። መስመሩን እያየሁ ወዲያው ስናገር በየመሃሉ «እ... እ...» እያልኩ እደናቀፍ ነበር። አራት ነጥቡን ሳላይ አፌን መክፈት አቆምኩ። ቀን ሥራ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ አሥር ገጽ ማየት ጀመርኩ፤ ከባዱ ቦታ ላይ ቢጫ ወረቀት እለጥፋለሁ። ዘፈኖቹን አልቻልኳቸውም። ቤት ሊመታልኝ ስላልቻለ አንጎራጎርኳቸውና አለፍኩ።

ምዕራፍ 5 ላይ ስንደርስ መጽሐፉ ለእኛ የተጻፈ መሰለኝ። ቢልቦ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ጎለም ከሚባል ፍጡር ጋር እንቆቅልሽ ይጫወታል፤ ከተሸነፈ ይበላል። እያንዳንዱን በ«እንቆቅልህ» ከፈትኩት፤ ልጆቹ «ምን አውቅልህ» ብለው እንዲቀበሉኝ አስተማርኳቸው። ማጠፊያም ክዳንም የሌለው፣ ውስጡ ወርቅ ያለበት ሣጥን ስል ትንሹ «እንቁላል!» ብሎ ከአልጋው ዘለለ። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ሰውዬው ተቀምጦ ዓሣ የሚበላበት ላይ ስደርስ እናቴ የሰጠችኝን የጅማ በርጩማ ከሳሎን አምጥቼ መሃል አቆምኩት።

ከዚያ የጊዜው መጣ። ጎለም ሁሉን የሚበላው፣ ንጉሥ የሚገድለው፣ ተራራ የሚያፈርሰው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ጊዜ ነው፤ ቢልቦ ግን አያውቀውም። «ጊዜ ስጠኝ» ሊል ፈልጎ ከድንጋጤ የተነሣ ምላሱ ተሳስሮ የወጣለት «ጊዜ! ጊዜ!» ብቻ ነው። ዳነ። በእንግሊዝኛው ቢልቦ «ስጠኝ» የሚለውን ውጦ ማስቀረት አለበት። በአማርኛ «ጊዜ» ራሱ ነው የሚቀድመው፤ አፉን እንደከፈተ መልሱ ወጣ። እንደናቀፍበት የነበረው የግሥ ነገር እዚህ ጋ ካሠኝ።

ልጅቷ ግን ተቆጣች። ቢልቦ ዋሻው ውስጥ ያገኘውን የጎለምን ቀለበት ኪሱ ከትቶ መጨረሻ ላይ «ኪሴ ውስጥ ምን አለ?» ማለቱ እንቆቅልሽ አይደለም፣ ማጭበርበር ነው አለች። እውነቷን ነው፤ ጎለምም ይሄንኑ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው በመጀመሪያው እትም ጎለም ለአሸናፊው ቀለበቱን በስጦታ ሊሰጥ ቃል ገብቶ እንደነበር፣ ደራሲው ምዕራፉን ለውጦ በ1951 እንዳሳተመው ነገርኳት። «እሱ ከለወጠ ዶሮ ወጡን ለምን መለስክ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግሊዝኛው አንድ ቃል ብቻ ባለው ቦታ እኛ መምረጥ አለብን። ቢልቦ አስማተኛውን ጋንዳልፍን «እርስዎ» ይለዋል፤ ዘንዶውን ስማውግንም እየፈራ፣ እየሸነገለ «እርስዎ»። የድዋርፎቹ አለቃ ቶሪን ኩሩ ስለሆነ ቢልቦን «አንተ» ይለዋል፤ በሩ ላይ ተጣልተው ሲሰድበውማ ይባስ ብሎ። ሊሞት ሲል ግን የተናገረውን ሁሉ አነሣለሁ ብሎ ይሰናበተዋል። ያንን ሳነብ አፌ ራሱ «እርስዎ» አለ፤ ቀን አላሰብኩበትም። ልጅቷ ተነሥታ ተቀመጠች። «አሁን እርስዎ አለው» አለች፣ በአማርኛ።

መጽሐፉን በጨረስን በሳምንቱ እሑድ ደብረ ብርሃን ላለችው አያታቸው ደወልን። ልጅቷ እንቆቅልሽ እንድትጠይቃት ለመነቻት።

«እንቆቅልሽ» አለች እናቴ።

«ምን አውቅልዎት!» አለች ልጅቷ። እናቴ ሳቀች።

«ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።»

«ቀለበቷ!» ሁለቱም እኩል ጮኹ።

«የምን ቀለበት? አይደለም። አገር ስጪኝ።»

ልጅቷ አየችኝ፤ ዝም አልኩ። «ሪቨንዴል» አለች፣ ቢልቦ በመንገዱ ላይ ያረፈበትን የመጽሐፉን አገር።

«እሱ ደግሞ የት ነው?»

«ሩቅ ነው» አለ ትንሹ።

«ይሁን» አለች እናቴ፤ ሪቨንዴል ሄዳ፣ በልታ ጠጥታ መጥታ መልሱ ጤዛ መሆኑን ነገረቻቸው። ጤዛ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ ሩብ ሰዓት ፈጀብን።