ጳጉሜን በድንች ማኅተም

መስከረም 2፣ ማታ።

በጥፍሮቼ ዙሪያ የቀረው ቢጫ ቀለም ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦም አልለቀቀም። ልጆቹ ተኝተዋል፤ እማዬም ጸሎቷን ጨርሳ መብራቷን አጥፍታለች። የሰሞኑን ነገር ከልቤ ሳይወጣ ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የእህቴ ሁለት ወንዶች ልጆች መጥተው «ጋሼ፣ ለእንቁጣጣሽ የምናድለውን ሥዕል ግዛልን» አሉኝ። ታትሞ የተዘጋጀ ሥዕል በየሱቁ እንዳለ አውቃለሁ። አንዱን ወስዶ በፎቶ ኮፒ አባዝቶ ማደልም ከተለመደ ቆይቷል። ቢሆንም «እንሥላለን» ሳይሆን «ግዛልን» ማለታቸው ልቤን ነካው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር የእንቁጣጣሽ ሥዕል የአንድ ወንድ ልጅ የመጀመሪያ የእጅ ሥራው ነበር። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ያመሻሉ፤ እኛ ደግሞ በበዓሉ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ የሣልነውን ይዘን በየበሩ እንቆማለን። «እንኳን አደረሳችሁ» ብለን ሥዕሉን እንሰጣለን፤ ባለቤቶቹም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብለው እንደ አቅማቸው ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጡናል።

ቆይቼ ሳስበው ግን ልጆቹ የሸሹት ሥዕሉን ሳይሆን ብዛቱን ነው። እኔም አልረሳሁትም። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ መልአክ እሥል ነበር፤ ቢጫ ቀለም ሲያልቅብኝ የአደይ አበባ ቅጠል ወረቀቱ ላይ አሽ ነበር። እስከ አሥረኛው ድረስ ክንፉን ላባ በላባ እሥለዋለሁ። ሃያኛው ላይ ላባው ይሳሳል። ሠላሳኛው ላይ ስደርስ ክንፍ የሚባለው ሁለት መስመር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ሥዕል የሚቀበሉት የመጨረሻዎቹ ቤቶች ሁልጊዜ ያሳዝኑኝ ነበር። ሰፈሩ ሰፊ፣ እጅ ደግሞ ደካማ ነው። ፎቶ ኮፒው ያሸነፈን በዚህ በኩል ነው። እንግዲህ ፈጣን ሆኖ ከእጅ የማይወጣ ነገር ያስፈልገን ነበር፤ ያም ማኅተም ነው። ልጆቹን «አንገዛም፤ እናትማለን» አልኳቸው።

ድንቹን ቅዳሜ ገበያ ወርደን መረጥን፤ ትልልቅ፣ ጠንካራና ያልበቀለ። ታላቁ ልጅ የመጀመሪያውን ቢላዋውን እየመለሰ ስለቆረጠው ፊቱ ደረጃ ደረጃ ሠራ፤ ቀለም ቀብተን ስናትመው መሐሉ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውን ሰፊ ፊት ባለው የወጥ ቤት ቢላዋ በአንድ ግፊት ለሁለት ከፈልኩት። ፊቱ ለጥ ያለ ካልሆነ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ድካም ነው። ሌላው ጠላት ውሃው ነው። ገና እንደተቆረጠ ቀለም ከቀቡት ከውስጡ የሚወጣው ውሃ ቀለሙን ያቀጥነዋል፤ የአበባው ጠርዝ እንደ እንባ ይወርዳል። ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ፊቱን ደፍተን ሩብ ሰዓት ያህል እንተወዋለን፤ ያኔ ሲዳሰስ ደረቅ ይላል።

የአደይ አበባውን ቅርጽ በስንጥር ጫር ጫር አድርገን አወጣን፤ መሐሉ ክብ፣ ዙሪያው ስምንት ቅጠል። ከዚያ በዙሪያው ያለውን ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ መቅረፍ ነው። ልጆችን የሚከብዳቸው ይኸኛው ነው። እርሳስ ሲይዙ የሚታየው እርሳሱ የነካው ቦታ ነው፤ ማኅተም ላይ የሚታየው ግን ቢላዋ ያልነካው ነው። ታናሹ ቅጠሎቹን ራሳቸውን ቆፍሮ አወጣና ዙሪያውን ተወው። ሲታተም በቢጫ ክብ ውስጥ ነጭ አበባ ወጣ። ሊጥለው ሲል ያዝኩት፤ ፀሐይ ይመስላል፤ በጣም ያማረ ፀሐይ። ከዚያ በኋላ በየካርዱ ማዕዘን ላይ የወጣችው ፀሐይ የእሱ ናት።

ቀለሙን ነክሮ ማውጣት አይሆንም፤ ይበዛበትና ቆፍረን ያወጣነውን ቦታ ይሞላዋል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆርጠን፣ ቀለም አጠጥተን፣ በስሱ መታ መታ እያደረግን ቀባነው። ከወረቀቱ ሥር የታጠፈ ጋዜጣ አነጠፍን፤ ጠረጴዛው ጠጣር ስለሆነ ካልተነጠፈለት ማኅተሙ በእኩል አያርፍም። ቀጥ አድርጎ መጫን፣ ቀጥ አድርጎ ማንሳት። ሲነሳ ጎተት ካለ ያለቀለት ነው።

አሁን በጣም ወደወደድኩት ነገር ልምጣ። አንድ ጊዜ ቀለም የተቀባ ድንች ሳይደገም ሦስት ጊዜ ያትማል። የመጀመሪያው ደማቅ ነው፤ ሁለተኛው ሳሳ ይላል፤ ሦስተኛው እንደ ጥላ ነው፣ የድንቹ ሥጋ ውስጥ ያለው ጭረት እንኳ ይታይበታል። ታላቁ ልጅ መጀመሪያ ላይ በየእትሙ መሐል ቀለም ይቀባ ነበር፤ ሁሉም እኩል እንዲደምቁለት ፈልጎ። አንድ ጊዜ ታናሹ ስፖንጁን ይዞበት ስለቆየ ሳይቀባ አከታትሎ አተመ። ደማቋ አበባ ከወረቀቱ ግርጌ፣ ሳሳ ያለችው ከፍ ብላ፣ ጥላ የመሰለችው ከላይ አረፈች። ሦስታችንም ዝም ብለን አየነው። ክረምቱ ሲወጣ ከከተማው ዙሪያ ያለው ኮረብታ በአደይ ሲሸፈን እንዲህ ነው፤ እግርህ ሥር ያለችው ቅጠሏ ይቆጠራል፣ ሽቅብ ያለው ግን ቢጫ ጭጋግ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የካርዶቻችን መደብ በሙሉ በዚህ መንገድ ተሠራ። አንዷ አበባ ከሌላዋ ኋላ እንድትታይ ሲፈለግ ደግሞ የፊተኛዋን በልኳ በተቆረጠ ወረቀት ሸፍኖ በላዩ ማተም ነው፤ ወረቀቱ ሲነሳ ኋለኛዋ ከጀርባዋ ብቅ ትላለች።

በማግስቱ ልጆቹን እዚሁ ጎንደር ወዳለችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወሰድኳቸው። በዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ የተተከለችውን ይህችን ቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ እንደገባሁባት አላውቅም፤ ሆኖም ጣሪያዋን እንደ ሠራተኛ ያየሁት ዘንድሮ ነው። ጣሪያው ላይ በተርታ የተደረደሩት ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በሩቁ ሲታዩ አንድ ናቸው። አንገትህን ደፍተህ እንደገና ቀና ስትል ግን አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ያያል፤ የአንዱ ቅንድብ ከሌላው ይወፍራል። ሠዓሊው ያንኑ ፊት በእጁ እየደጋገመ ሄዷል፤ ድግግሞሹ ግን አልገደለውም። ታናሹ «ጋሼ፣ እነሱም በድንች ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አይ፣ በብሩሽ ነው» አልኩት። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አንድን ነገር ሠላሳ ጊዜ ሠርቶ ሠላሳውንም ሕያው ማድረግ የእኛም ጉዳይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ጓዳ በሙሉ ማኅተም ሆነ። ለሁለት የተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ያትማል፤ ጥቅል ጎመን እንደ ሐረግ የተጠላለፈ መስመር ይሰጣል። በቆሎው ተበልቶ የቀረው ቆረቆንዳ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ሲንከባለል መደቡን በነጠብጣብ ይሞላዋል። የጥርስ ብሩሽ ቀለም ነክሮ በአውራ ጣት ፈልቀቅ ማድረግም አለ፤ ዝናብ ይመስላል። እሱን ግን ቤት ውስጥ ባይሠሩት ይሻላል።

ሰማዩን የሠራነው በሌላ ዘዴ ነው፤ በዱቄት ሙጫ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ፣ ውሃውን ወደ አንድ ብርጭቆ አድርሼ፣ እሳት ላይ ጣድኩትና እንዳይጓጉል ሳላቋርጥ አማሰልኩ። እማዬ ከኋላዬ መጥታ ድስቱን አየችና «ይኼማ አብሲት ነው! ወዲህ በል» ብላ ማማሰያውን ከእጄ ወሰደች። እውነቷን ነው፤ ልጆቹ እጇን እያዩ ወዝ ሲያወጣ፣ ከማማሰያው ላይ ሳይቆራረጥ ሲወርድ ማውጣት እንዳለበት የተማሩት ከእሷ ነው። ሲበርድ ሰማያዊ ቀለም ቀላቀልንበት፤ በብሩሽ ወረቀቱ ላይ አለበስንና ገና እርጥብ ሳለ በሚዶ አበጠርነው። ሚዶው የእማዬ ነው፤ ጥርሱ ሰፊ፣ ከእንጨት የተሠራ፣ እህቴ ልጅ ሳለች ጸጉሯ የተበጠረበት። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ዝናብ፣ እየተወዛወዘ ሲሄድ ውሃ ይሆናል። ካላማረ እንደገና ለብጦ እንደገና ማበጠር ይቻላል፤ ሙጫው እስኪደርቅ ጊዜ ይሰጣል። በሦስተኛው ቀን ስለሚኮመጥጥ ግን በትንሽ በትንሹ መሥራት ነው። ሲደርቅ ወረቀቱ እንደ ቅርፊት ይጠቀለላል፤ በጀርባው ገልብጠን ከመጽሐፍ በታች አስቀመጥነውና በላዩ መጁን ጫንንበት። ለጥ ብሎ አደረ።

አንድ ቀን ሙሉ የከሰርነውም በዚሁ ሰማይ ምክንያት ነው። ቢጫዋን አበባ በቀጥታ ሰማያዊው ላይ አተምናት፤ አረንጓዴ ሆነች። የውሃ ቀለም ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም፤ ይቀላቀለዋል እንጂ። ዘጠኝ ወረቀት እንዲህ ተበላሸ፤ ታላቁ ልጅም ተነስቶ ወጣ። ማታ ሲመለስ አበባዎቹን በነጭ ወረቀት ላይ ለብቻቸው አትመን፣ በመቀስ ቆርጠን፣ በሙጫ እንድንለጥፋቸው ተስማማን። ከጀርባቸው የካርቶን ቁራጭ ስናደርግ ደግሞ ከሰማዩ ላይ ከፍ ብለው ቆሙ፤ በጎን በኩል ሲታዩ ጥላ ይጥላሉ። በቀጥታ ታትመው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያምሩም ነበር።

ስለ ማጠፍ አንድ ነገር ልበል፤ ካርድን ካርድ የሚያደርገው እጥፋቱ ነው። ወፍራም ወረቀት በእጅ ብቻ ሲታጠፍ ጀርባው ይሰነጠቃል። ወረቀት እንደ እንጨት የራሱ ጭረት አለው። በሁለቱም አቅጣጫ ለስለስ አድርጎ ጎበጥ ማድረግ ነው፤ ሳይታገል እሺ ያለበት በኩል ጭረቱ የሄደበት ነውና እጥፋቱም በዚያ ይሁን። ከዚያ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ጫን አድርጎ መሳብ ይበቃል፤ ስርጉድ ያለው መስመር ራሱ ያጥፈዋል። ቁም ጸሐፊዎች ብራናውን የሚያሰምሩት እንዲሁ ነው፤ ያለ ቀለም፣ በወስፌ ጫፍ። ኤ 4 ወረቀት ለሁለት ሲቆረጥና እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ በትንሽ ፖስታ የሚገባ ካርድ ይወጣል፤ ከአንዱ ወረቀት ሁለት ካርድ ማለት ነው።

ጽሑፉ መጨረሻ መጣ። ታላቁ ልጅ በላጲስ ላይ «እንኳን አደረሰዎ» ብሎ በጥንቃቄ ጽፎ ሲቀርጽ አመሸ፤ ሲያትመው ግን ሁሉም ተገልብጦ ወጣ። «ሰ» ቢገለበጥም እምብዛም አያስታውቅም፤ «ደ» እና «ረ» ግን ወዲያው ያጋልጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ደመቅ አድርጎ መጻፍ፣ ወረቀቱን በላጲሱ ላይ መድፋት፣ ጀርባውን በማንኪያ ማሸት። እርሳሱ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ይቀራል፤ የተገለበጠው ሲታተም ቀጥ ይላል። በጳጉሜ የመጨረሻዋ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስለነበር የመጨረሻዎቹን ቃላት ያተምነው በሻማ ነው። በቀይ ቀለም።

ሠላሳ ስድስት ካርድ ወጣልን። ማለዳ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ልጆቹን እስከ ውጪው በር ሸኘኋቸውና ከሩቁ ተመለከትኩ። ከጎረቤታችን ከእማማ ደጅ ሲደርሱ እርሳቸው ካርዱን ተቀብለው ቶሎ አልገቡም፤ ወደ ብርሃኑ ዘወር ብለው፣ የቆመችውን አበባ በጣታቸው ነካ አደረጓትና «ማን ሠራው?» ሲሉ ሰማሁ። ሁለቱም በአንድ ድምፅ «እኛ!» አሉ።

ድንቾቹ ዛሬ በመስኮቱ ላይ ተጨማደዋል፤ ከሁለት ቀን በላይ አይቆዩም። ለመስቀል በላጲስ እንሥራ ብለናል፤ ላጲስ ከዓመት ዓመት ይቆያል። ታላቁ ልጅ ከመተኛቱ በፊት ለካርዱ ራስጌ የሚሆን የሐረግ ጌጥ በስስ ወረቀት ላይ ሥሎ «ጋሼ፣ ሐረግ እኮ ቢገለበጥም ያው ነው፤ መድፋት አያስፈልገውም» አለኝ። ወረቀቱን ከመሐሉ አጥፌ በመብራቱ ላይ አየሁት። ግራው ከቀኙ በአንድ ፀጉር ያህል ብቻ ይለያል። ከሁለት አዳዲስ ላጲሶች ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ።