በ«ካት» እና በ«አክሽን» መካከል

ዛሬ ማታ ለፊልም ዳይሬክተሩ ጓደኛዬ መልስ መስጠት ነበረብኝ። በጥቅምት በሚጀምረው ቀረጻ ላይ እንደ ድሮው ረዳት ዳይሬክተር ሆኜ እንድሠራለት ከጠየቀኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ «እስከ ዛሬ ማታ» ያልሁትም እኔው ራሴ ነኝ። ዝናቡ ግን ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አላባራም፣ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጥቷል፣ ልቤንም ከሰኞ ጀምሮ ምክንያቱን የማላውቀው ነገር ከብዶታል። ስለዚህ መልሱን ከመጻፍ ይልቅ ጋቢዬን ለብሼ፣ ሌስ ብላንክ በ1982 እ.ኤ.አ. የሠራውንና ስሙን በአማርኛ «የሕልም ሸክም» ብለን ልንመልሰው የምንችለውን «በርደን ኦፍ ድሪምስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ለሦስተኛ ጊዜ ከፈትሁት።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቬርነር ሄርዞግ በፔሩ ጫካ ውስጥ «ፊትዝካራልዶ»ን ሲቀርጽ ብላንክ ካሜራውን፣ ሞሪን ጎስሊንግ ደግሞ የድምፅ መቅረጫዋን ይዘው አብረውት ሰነበቱ። የሄርዞግ ፊልም በኢኪቶስ ከተማ የኦፔራ ቤት ለመሥራት የሚመኝና ለዚህም የሚሆን ገንዘብ ከጎማ ንግድ ለማግኘት ሲል መርከብ በተራራ ላይ አሳልፎ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሰው ታሪክ ነው። ለታሪኩ መነሻ የሆነው የጎማ ነጋዴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የራሱን ጀልባ ያሻገረው ፈታትቶ ነበር፤ ሄርዞግ ግን ከ300 ቶን በላይ የሚመዝን የእንፋሎት መርከብ ሳይፈታ እንዳለ ካልተጎተተ አይሆንም አለ። ለ20 ዲግሪ አቀበት የታሰበውን የመጎተቻ ዘዴ በ40 ዲግሪ ላይ እንሠራበታለን ሲል መሐንዲሱ የሰው ሕይወት ይጠፋል ብሎ ሥራውን ትቶ ሄደ። ከዚያ በፊት፣ በ1979 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ የቀረጻ ቡድኑ የመጀመሪያ ሰፈር በአካባቢው ተወላጆች ተቃውሞ ተቃጥሏል። ቀረጻው አርባ በመቶ ያህል ከደረሰ በኋላም ዋናው ተዋናይ ጄሰን ሮባርድስ ታሞ አገሩ ገባ፣ አብሮት የሚተውነው ዘፋኙ ሚክ ጃገር ደግሞ በሙዚቃ ጉዞው ምክንያት ሊቀጥል ስላልቻለ ሁሉም ነገር በሌላ ተዋናይ፣ በክላውስ ኪንስኪ፣ እንደገና ከአንድ ተጀመረ።

ሰው ስለዚህ ዘጋቢ ፊልም ሲያወራ የሚያነሣው የሄርዞግን እብደት ወይም የሄርዞግን ጽናት ነው፤ እኔም መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ሌላ ነገር አልታየኝም ነበር። ዛሬ ግን ዓይኔ ከዳይሬክተሩ ላይ ሸሸ። ብላንክ ካሜራውን ከመርከቡ አንሥቶ ወደ አካባቢው ተወላጅ ሴቶች ያዞራል። ሴቶቹ የተቀቀለ ካሳቫ እያኘኩ ወደ ዕቃው ይመልሱታል፤ ማሳቶ የሚባለው መጠጣቸው በምራቅ ነው የሚብላላው፣ እንደ ጠላም ሰው ያለ እርሱ የማይስተናገድበት ነው። ዶዘሩ ተበላሽቶ ጭቃ ውስጥ ቆሟል፤ ወንዶቹ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ሄርዞግ ለእነዚህ ሰዎች ዕረፍት አልሰጣቸውም፤ ተራራው እምቢ ስላለ ብቻ ነው ያረፉት። ዋናው ፊልም ውስጥ መርከቡን ሲጎትቱ እናያቸዋለን። በብላንክ ፊልም ውስጥ ግን ሲጠብቁ ነው የምናያቸው፣ ሲጠብቁ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፊት አላቸው።

እዚህ ላይ ስደርስ ፊልሙን አቆምሁት፤ እስከ አሁንም መልሼ አልከፈትሁትም።

ትዝ ያሉኝ የእንጦጦዋ እናት ናቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እንጦጦ ላይ በረዳት ዳይሬክተርነት ስለሠራሁበት ፊልም ብዙ ጊዜ ጽፌላችኋለሁ፤ ስለ እሳቸው ግን አንድም ቀን አላነሣሁም። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ እንጨት የተሸከመች ሴት ቁልቁለቱን ስትወርድ የሚያሳይ አንድ ሾት ይፈለግ ነበር። ለዚያ የተቀጠረችው ተዋናይት ቀረች፤ እውነተኛ እንጨት ተሸካሚዎች ግን በፊታችን እያለፉ ነበር። ዳይሬክተሩ በአገጩ ወደ አንዷ አመለከተኝ፣ እኔም ሮጬ ሄጄ ለመንኋቸው። ዕድሜያቸው ከስድሳ አያንስም፤ ሸክማቸው ከቁመታቸው ይረዝም ነበር፣ ገመዱም በደረታቸው ላይ ተጠላልፎ ነጠላቸውን ጨምድዶታል። እሺ አሉኝ። ወረዱ። «ካት»፣ ቀረጻው ይቁም ማለት ነው፣ ተባለ፣ «እንደገና» ተባለ፣ እኔም ከነሸክማቸው ወደ ላይ መለስኋቸው።

በሦስተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ «ልጄ፣ የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አላጠፉም እማማ፤ ብርሃኑ ነው» አልኋቸው።

እውነቴን ነበር፣ ደመና አስቸግሮን ነበር። እሳቸው ግን አላመኑኝም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁልቁለት ሲወርዱ የኖሩ ሴት፣ በእያንዳንዱ «እንደገና» አረማመዳቸውን ለማሳመር ይሞክሩ ጀመር፤ ሸክሙ ያጎበጠውን ወገባቸውን ለማቅናት ይታገሉ ነበር። ዳይሬክተሩ ይህን ሲያይ «ተፈጥሯዊነቱን አጣ» ብሎ ተናደደ፣ ስለዚህም እንደገና ተባለ። ስንት ጊዜ እንደመለስኋቸው በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ከሰባት እንደማያንስ ግን አውቃለሁ። የመጨረሻው ላይ ብርሃኑ አለቀ፣ ገንዘብ ሰጠኋቸው፣ መርቀውኝ ወደ ሽሮ ሜዳ ወረዱ። ፊልሙ ውስጥ ያሉት አራት ሰከንድ ነው። የመጨረሻውን የስም ዝርዝር የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ለጄኔሬተሩ ባለቤት፣ ምሳ ላቀረበችልን ሴት፣ መኪና ላዋሰን ሰው ሁሉ ምስጋና ጽፌያለሁ። ለእሳቸው ያለው ግን «የአካባቢው ነዋሪዎች» የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ስማቸውን አልጠየቅሁም።

ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974 እ.ኤ.አ.፣ በዚያ በአብዮቱ ዓመት፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ገጠር ገብቶ እንደቀረጸው ስናነብ የምንደነቀው በሁለት ሳምንቱ ነው። እኔም ለተማሪዎች ስናገር ሁልጊዜ የማነሣው ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን በእነዚያ ቀናት በሁለት ሾቶች መካከል የነበረውን ማየት አማረኝ፤ ሞፈርና ቀንበር የያዘው ሰው «አንዴ ይጠብቁን» ሲባል የት ተቀመጠ፣ በሬዎቹን ማን ያዘለት፣ የካሜራው ፊልም እስኪለወጥ ድረስ ከጎረቤቱ ጋር ምን አወራ? ብላንክ የሚባል ሰው በዚያ አልነበረም፤ ቢኖርም የቀረጸውን እኔ አላየሁትም።

የእኛውን ግን የቀረጸው ነበር፣ እሱም የራሳችን ካሜራ ነው። የካሜራ ባለሙያው «ካት» ከተባለ በኋላ ቶሎ የማያጠፋ ሰው ነበር፤ ሜሞሪ በከንቱ ይጨርሳል ተብሎ ሁልጊዜ ይወቀስበታል። ኤዲቲንጉ ላይ ስንቀመጥ እያንዳንዱ ቴክ፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ቀረጻ፣ ከ«ካት» በኋላ የተቀረጸ ጭራ ነበረው፣ እኛም ጭራውን እየዘለልን እንሄድ ነበር። ከዘለልናቸው አንዱን አስታውሳለሁ፤ እማማ ሸክማቸውን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ በእጃቸው መዳፍ ገመዱ ያረፈበትን ደረታቸውን እያሹ፣ አጠገባቸው ቆማ ለምትጠብቃቸው ወጣት ሴት አንድ ነገር ይነግሯታል። ልጅቷ ወደ ካሜራው አየች። ከዚያ ኤዲተሩ ቆረጠው፣ እኔም «ቀጥል» አልሁት።

ያ ሀርድ ዲስክ ማን እጅ እንዳለ አላውቅም። እንደምታውቁት በእኛ ሥራ ዲስክ ውድ ነው፤ አንዱ ፊልም ሲያልቅ ለሚቀጥለው ይጠረጋል። ነገ ጠዋት ለኤዲተሩ እደውልለታለሁ፤ ቢገኝ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ለዚያች ልጅ ምን እንዳሏት መስማት እፈልጋለሁ። ነፋስ ስለነበር ላይሰማ ይችላል። ቢሰማስ? «አጥፍቻለሁ መሰለኝ» ብለዋት ከሆነ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ እንጦጦ ወጥቼ ማንን ብዬ ልጠይቅ?