ለእማዬ እየተረጎምኩ ያየሁት ፊልም

እማዬ ፊልም ስታይ ዝም አትልም። "ኧረ ተመለስ!" ትላለች። "ይቺ ልጅ ምን ነካት?" ትላለች። እንግሊዝኛ ስለማታነብ ከስር የሚጻፈውን እኔ እየተረጎምኩላት ነው የምናየው። እሑድ ከሰዓት፣ ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ፣ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ እናስቀምጥና እንጀምራለን።

ባለፈው ወር ያየነው የማላዊውን ልጅ የዊሊያም ካምክዋምባን ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው። ቺዌቴል ኤጂዮፎር ዳይሬክት አድርጎታል፤ አባትየውንም ሆኖ የተወነው እሱ ነው። ልጁ ከቁርጥራጭ ብረትና ከአባቱ ብስክሌት የንፋስ ወፍጮ ሠርቶ ውኃ ያወጣል። አባትየው ብስክሌቱን የሰጠው ጊዜ እማዬ እልል አለች። ከዚያ በኋላ "እንደዚህ ያለ ሌላ አምጪልኝ፤ ተስፋ ያለው" እያለች ወተወተችኝ።

እኔም "ኢዮ ካፒታኖ"ን አመጣሁ። የጣሊያኑ ማቴዮ ጋሮኔ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተርነት ሽልማት አግኝቶበታል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጣሊያንን ወክሎ ለኦስካር ታጭቷል። ከመክፈቴ በፊት ግን አመነታሁ። ታሪኩ ከሴኔጋል ተነስተው በሊቢያ በኩል ወደ ጣሊያን ስለሚሄዱ ሁለት ልጆች ነው። የእኛም ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ በ2009 ዓ.ም. በመተማ ወጥቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ ሊቢያ ገብቷል። እውነቱን ነገርኳትና "ታዪዋለሽ?" አልኳት።

"እኔ ያላየሁት ምን አለና" አለች።

ሰይዱና ሙሳ የአጎት ልጆች ናቸው፤ የ16 ዓመት ልጆች። ዳካር ውስጥ ይማራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ከቤተሰብ ተደብቀው ግንባታ ላይ ቀን ሥራ ይሠራሉ፣ ብር ያጠራቅማሉ። ጦርነት አላባረራቸውም። ቤታቸው ድሃ ቤት ነው፤ ግን ጭፈራ አለበት፣ እህቶች አሉበት፣ ሳቅ አለበት። ይህን አጀማመር በጣም ወደድኩት። ስለ ስደት የሚሠሩ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ልጁን ከመነሻው ምስኪን ያደርጉታል። ሰይዱ ግን ማንም የሰፈር ልጅ ነው። ሕልም አለው፣ ይፈራል፣ እናቱን ይወዳል። ልሄድ ነው ብሎ ሲነግራት ተቆጣችው፤ ቶሎ ብሎ ሐሳቡን ዋጠ።

"ዋሽቷታል" አለች እማዬ። "ይሄዳል።"

የእኛው ጎንደር ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ነበር የወጣው።

ከኒጀር አጋዴዝ በኋላ ያለው የበረሃ ክፍል መቼም አይረሳኝም። ሰው በሰው ላይ የተጫነበት ፒክአፕ አሸዋ ላይ ይበራል። አንድ ሰው ይወድቃል፤ ሹፌሩ አያቆምም። ከዚያ በእግር ይሄዳሉ። አንዲት ሴት ትወድቃለች። ሰይዱ ሊረዳት ይሞክራል፣ አልቻለም። ቀጥሎ ሴትዮዋ ከመሬት ከፍ ብላ፣ አረንጓዴ ቀሚሷ በነፋስ እየተውለበለበ፣ እጁን ይዛ ትንሳፈፋለች። ሞትን አሳምሮታል ብለው ይህን የነቀፉ አሉ። አልስማማም። የ16 ዓመት ልጅ ሬሳ ጥሎ እንዴት ይራመዳል? አእምሮው እንዲህ ካላደረገለት በስተቀር እግሩ አይሄድም።

ሊቢያ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ። ሰይዱ እስር ቤት ይገባል። ቤተሰብ ያለው ስልክ ቁጥር እንዲሰጥ፣ ገንዘብ እንዲያስልክ ይታዘዛል። እኔ እዚህ ላይ መተርጎም አቃተኝ። ድምፄ ሄደ። እማዬ ጉልበቴን ነካ አደረገችና "ተይው፤ ይሄን አውቀዋለሁ" አለች።

ታውቀዋለች። ያኔ ሌሊት ስልክ ተደውሎ የልጇን ጩኸት አሰምተዋታል። የአንገት ወርቋን ሸጠች። ጎረቤት አዋጣ፣ የእድር ሰዎች አዋጡ፣ ማኅበሯ አዋጣ። ለሁለት ወር ስልኩን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ነበር የምትተኛው። ቻርጅ እንዳያልቅ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ትነሳለች።

ቅሬታዬን ልናገር። ሰይዱ ከአንድ ግንበኛ ጋር ለሀብታም ሰው ፏፏቴ ሠርተው ነፃ የሚወጡበት ክፍል ቸኩሏል፤ ሀብታሙ ሰውዬ በቀላሉ ደግ ሆነ። ከዚያ የሚብሰው ግን የሴቶቹ ነገር ነው። በእነዚያ እስር ቤቶች ሴቶች ላይ የሚደርሰውን ስንቶቻችን ሰምተናል። ፊልሙ ግን አጠገቡ ደርሶ ያልፋል። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ባሕሩ ላይ ግን ይቅር አልኩት። ሰይዱ የሚከፍለው ስለሌለው ጀልባዋን እንዲነዳ ይደረጋል። ነድቶ አያውቅም። ዋናም አይችልም። እንደገና ያገኘው ሙሳ እግሩን በጥይት ተመቷል። እርጉዝ ሴት አለች። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ሰዎች እየታፈኑ ነው። እርዳታ ቢጠራ የሚመጣ የለም። ልጁ ከሕዝቡ መሀል እየተራመደ አንዱን ይቆጣል፣ ሌላውን ያረጋጋል። መሬት ሲታይ ደስታው ስለ አውሮፓ አይደለም። ማንም ስላልሞተ ነው። ሄሊኮፕተሩ ከላይ ሲያንዣብብ "ካፒቴኑ እኔ ነኝ!" እያለ ይጮኻል። ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል። ያ ፊት ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ይፈራልም። ሰይዱን ሆኖ የተወነው ሰይዱ ሳር ከዚህ ፊልም በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም ነበር። ጋሮኔ ታሪኩን በቅደም ተከተል ነው የቀረጸው፤ ስክሪፕቱንም ለተዋናዮቹ አስቀድሞ አልሰጣቸውም። ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቅም ነበር። ቬኒስ ላይ የወጣት ተዋናይ ሽልማት ሲሰጡት አልበዛበትም።

ታሪኩ መሠረት አለው። አማራ ፎፋና የሚባል የጊኒ ልጅ በ15 ዓመቱ እንዲህ ጀልባ ነድቶ ሰው አሻግሯል። ሲደርስ የጠበቀው እስር ነበር። ፊልሙ እዚያ ድረስ አይሄድም፤ ጩኸቱ ላይ ያበቃል።

ስክሪኑ ጠቆረ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆየች።

"ደርሶ ለእናቱ ደወለላት?"

"አያሳይም እማዬ። እዚያው አለቀ።"

"እንዴት ያልቃል?"

ምን እንደምላት ጨነቀኝ። ሲኒዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። እሷ ስልኳን አነሳች። ወንድሜ ጀርመን ነው፤ የሌሊት ሥራ ስላለበት በዚያ ሰዓት ይተኛል። ብዙ ጠርቶ ነው ያነሳው። በእንቅልፍ ድምፅ "ምነው እማ፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?" ሲል ከማዶ ይሰማኛል።

"ደህና ነን" አለችው። "ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።"